ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ውሃ

ውሃ ሕይወት ነው የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ ለሰው ሕይወት የሚሆነው ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ንጽሕናው የጎደለ እንደ ሆነ ድምፅ ሳያሰማ የሚገድል ጠላት ይሆናል። ክፋቱም ጠላትነቱ በመልኩ አለመታወቁ ነው። ጥርት ብሎ፥ ቀዝቀዝ ብሎ፥ ለዓይን ደስ እያሰኘ ይመጣልና። አባቶቻችን ውሃ ሰውን እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ የተናገሩት ወንዝ ስለሚሻገር መንገደኛ ቢሆንም፥ ቃሉ ከእንስራና ከጀሪካን ለሚጠጣም ሰው የሚስማማ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። እኚህ ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። የባሌ ተወላጅ አይደሉም፤ የታወቁበትም ሥራ የተጀመረው ከእኛ እጅግ በራቀው በዐድዋ ነው። ሆኖም የእርሳቸው ታሪክ በአንገቱም ሆነ በሌላ ትንሽ ከተማ ለሚኖር ተማሪ ብዙ የሚናገረው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ታሪኩ የተመሠረተው ሁላችንም በየቀኑ በምናያቸው ነገሮች ላይ ነው፤ እነዚህም ውሃ፥ ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና በአጥር ላይ የሚወጣ ተክል ናቸው። ለአሠራር እንዲመች ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፥ ልደታቸውንና ዕረፍታቸውን ብቻ በእኛው አቆጣጠር ጨምሬ አመለክታለሁ።

አክሊሉ ለማ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. (1935) በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። የተወለዱበት ጊዜ የኢጣልያ ጦር አገራችንን ለመውረር ድንበር ላይ የቆመበት ወር ስለ ነበረ፥ ሕፃንነታቸው ያለፈው በጠላት ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ ግን ያን ዘመን የመሰለ የትምህርት ጥማት በአገራችን ታይቶ አይታወቅም ነበርና፥ እርሳቸውም ከዚያ ትውልድ ጋራ ፊደል ቆጥረው፥ በትምህርታቸው ገፍተው፥ ወደ አሜሪካ ተሻግረው የሕያዋንን ሳይንስ ተማሩ። በመጨረሻም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብለው፥ በውጭ አገር ተደላድሎ መኖር ሲቻላቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ለመረዳት ስለ አንድ በሽታ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በሽታው ቢልሃርዚያ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ሆኖ የበሽታውን ትል በሰው ሬሳ ውስጥ ካገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ትሉ ወንድና ሴት ሆኖ ተጣምሮ በሰው ደም ሥር ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉን ይጥላል። ከእንቁላሉ ከፊሉ በሰገራ ወደ ውጭ ሲወጣ፥ የቀረው በጉበትና በአንጀት ውስጥ ተሰንቅሮ ቁስል ያበጃል። የታመመው ሰው ሆዱን ያመዋል፤ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ይወጣዋል፤ ዘመኑ ሲረዝም ጉበቱ ያብጣል፤ ሆዱም ይነፋል። ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ ለትምህርትም ኃይል ያንሰዋል።

አሁን የበሽታውን መንገድ ልብ ብላችሁ ተከተሉ። ሰው በሜዳ ወይም በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከዝናብ ጋራ ወደ ውሃ ይገባል። በውሃ ውስጥ ይፈለፈልና በዓይን የማትታይ እጭ ትሆናለች። ይህች እጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንዲት የተወሰነች የቀንድ አውጣ ዓይነት ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን በቀንድ አውጣዋ ሥጋ ውስጥ ገብታ ለሳምንታት ትባዛለች፤ ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ጅራት ያላቸው እጮች እየሆኑ ወደ ውሃው ይወጣሉ። እነዚህ ደግሞ ሰው እግሩን ሲነክር፥ ልብስ ሲያጥብ፥ ሲዋኝ ወይም ውሃ ሲቀዳ ቆዳውን በስተው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገባሉ። ሰውየው ውሃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ መንካቱ ብቻ ይበቃል። ውሃው ጥርት ያለ ቢሆን አያድንም። እንግዲህ ሰንሰለቱ ሦስት ቀለበት አለው፤ ሰው፥ ውሃና ቀንድ አውጣ። ከሦስቱ አንዱ ከተቆረጠ በሽታው ይቆማል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ገና የ29 ዓመት ጎልማሳ ሳሉ፥ ይህ በሽታ በአገራችን ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። ሥራቸው በየወንዙ እየዞሩ ቀንድ አውጣ መልቀምና መመርመር ነበር። አንድ ቀን ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ አጠገብ ሲያልፉ ያልተለመደ ነገር ተመለከቱ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ላይ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ነበር። ወደ ላይ ወጥተው ሲያዩ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። እንግዲህ ገዳዩ ነገር የወጣው ከማጠቢያው ነው ማለት ነው። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሱቅ ሳሙና አልነበረም፤ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው በአረፋው ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ያልፍ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ግን ከሴቶቹ አንዷን ለምነው፥ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንዲጨምሩበት አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ታላቁ ግኝት የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው፤ ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ዕቃው የልብስ ማጠቢያ ነበር፤ የመጀመሪያዋም ረዳት አንዲት እናት ነበሩ።

እንዶድን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በደጋና በወይና ደጋ በየአጥሩና በየቁጥቋጦው ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ መሳይ ተክል ነው። ወንዱና ሴቱ በተለያየ ግንድ ላይ ይበቅላሉ፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። በእኛ አገር ኦሮምኛ ተናጋሪው ሀንዶዴ ይለዋል። ሳሙና በየሱቁ ሳይበዛ በፊት ነጭ ጋቢና ነጭ ቀሚስ ጽዱ ሆኖ የሚታየው በእንዶድ ነበር። አረፋ እንዲያወጣ የሚያደርገው በፍሬው ውስጥ ያለ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፥ ቀንድ አውጣዋንም የሚገድላት ይኸው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው፥ ለዘመናት በእጃችን የኖረውን ነገር ጥቅሙን በሙሉ ሳናውቀው ቆይተናል።

ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የወንዝ ዳሩን ነገር በላቦራቶሪ መረመሩት። ፍሬው ደርቆ፥ ተፈጭቶ፥ በውሃ ሲበጠበጥ ኃይሉን እንደማያጣ አወቁ። በአንድ ሊትር ውሃ ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ያህል ብቻ ቢገባ በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል አረጋገጡ። በውሃ ውስጥም ለብዙ ጊዜ አይቆይም፤ በጥቂት ቀን ፈርሶ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ለዚሁ ሥራ ይሸጥ የነበረው የፋብሪካ መድኃኒት አንዱ ቶን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ስለ ነበር፥ በሽታው የሚበዛባቸው ድሆች አገሮች ሊገዙት አይችሉም ነበር። እንዶድ ግን ከራሳቸው ጓሮ ይበቅላል። በ1966 በዩኒቨርስቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ሲመሠረት ዶክተር አክሊሉ መሥራቹና የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የእንዶድ ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ፥ ለእርሳቸው ክብር ለማቶክሲን ተብሎ በስማቸው ተሰየመ።

በላቦራቶሪ የሠራ ነገር ሁሉ ግን በሜዳ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዐድዋ የአምስት ዓመት ሙከራ ተደረገ። የአገሩ ሰዎች የእንዶዱን ፍሬ እየፈጩ በተወሰነ ጊዜ በወንዞቹ ላይ ይረጩ ነበር። ከሙከራው በፊት በከተማው ከተመረመሩት ሰዎች ከመቶው 63 በበሽታው የተያዙ ነበሩ፤ በመጨረሻው ግን ቁጥሩ ከመቶ ወደ 34 ወረደ። በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር በተለይ አስተውሉት። ትሉ በትልቅ ሰው ደም ሥር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ስለሚችል፥ ወንዙ ቢጸዳም አዋቂዎች የቀድሞውን በሽታ ተሸክመው ይቆያሉ። ሕፃናቱ ግን የተወለዱት ወንዙ መታከም ከጀመረ ወዲህ ስለሆነ፥ ውሃው ንጹሕ መሆኑንና አለመሆኑን በሰውነታቸው የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። ልክ እንደዚሁ ዛሬም የአንድ ከተማ ውሃ ደኅንነቱ የሚታወቀው በታናናሾቹ ልጆች ጤና ነው።

ለዚህ ሥራ የዶክተር አክሊሉ ትልቁ አጋር ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የዕፅዋት ሊቅ ነበሩ። እርሳቸው ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡ፥ እየዘሩና እያነጻጸሩ፥ ፍሬው የሚበዛውንና ኃይሉ የሚበረታውን መረጡ። ከመረጧቸውም ውስጥ ዓይነት 44 የተባለው እስከ ዛሬ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሥራውን ሁሉ ሠራ ማለት በሳይንስ ዓለም እውነት ሆኖ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ እንግዲህ ዓለም ሁሉ እንዶድን በደስታ የተቀበለ ይመስላችሁ ይሆናል። አልተቀበለም። የዶክተር አክሊሉ መከራ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎች፥ በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተደረገው ምርመራ አይበቃም፤ እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በታወቁ ላቦራቶሪዎች መረጋገጥ አለበት አሉ። የጥንቃቄው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ወደ ሕዝብ ውሃ የሚገባ ነገር ሁሉ መመርመር ይገባዋል። ችግሩ እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ላቦራቶሪዎቹም ያሉት በሀብታሞች አገሮች ነው። ቢልሃርዚያ ደግሞ የሀብታሞች በሽታ አይደለም። ስለዚህ የሚከፍል ጠፋና ነገሩ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ።

ዶክተር አክሊሉ ግን አልታከቱም። ጉባኤ ለጉባኤ እየዞሩ ተከራከሩ፤ ጻፉ፤ ወዳጅ አፈሩ። በመጨረሻ በ1980ዎቹ መገባደጃ በካናዳ ርዳታ የተጠየቀው ምርመራ ተደረገ። ውጤቱም በወንዝ ላይ በሚረጨው መጠን እንዶድ ለሰውና ለከብት ከባድ አደጋ እንደሌለው፥ ዓይንን ግን አጥብቆ እንደሚያቃጥል አሳየ። የዐድዋ እናቶች በብዙ ዘመን ልማዳቸው የሚያውቁትን ነገር ሳይንስ አጸደቀው ማለት ነው።

በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውንና ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በዚያን ዘመን ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፥ በዩኒሴፍ፥ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው የሕፃናት ዕድገት ጥናት ማዕከል ምክትል ዲሬክተርም ሆነው ነበር። ከወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ መልቀም የጀመረው ሕይወታቸው ለዓለም ሕፃናት ጤና ወደ ማሰብ ያደገው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1990 ደግሞ ሌላ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርስቲ የክብር ዲግሪ ሊሰጣቸው ጠርቷቸው ሳሉ፥ በዚያ አገር ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ አንዲት ትንሽ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት በዝታ የከተሞችን የውሃ ቧንቧዎች እንደምትዘጋ ሰሙ። ከዩኒቨርስቲው ተመራማሪዎች ጋራ ሆነው በእንዶድ ቢሞክሯት ሞተች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርስቲው ለዚህ አሠራር የባለቤትነት መብት ፓተንት አወጣ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር ያስነሣል። ዕውቀቱ ከኢትዮጵያውያን ሴቶች የመነጨ ከሆነ ጥቅሙ ለእነርሱ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ በተለይ ለእኛ ለተማሪዎች የተተወ የቤት ሥራ ይመስለኛል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. (ኤፕሪል 5 ቀን 1997) ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ግን እርሳቸው እንደ ተመኙት በየወንዙ የሚረጭ የሕዝብ መድኃኒት አልሆነም። ከእርሳቸው ዘመን ወዲህ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ዋጋው ስለ ረከሰ፥ በሽታው ባለባቸው ቦታዎች ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ነገር ግን የዳነው ልጅ በማግሥቱ ወደዚያው ወንዝ ከተመለሰ እንደ ገና ይያዛል። ኪኒን ውሃን አያጸዳም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ውሃው ይመለሳል።

አሁን ወደ እኛው ወደ አንገቱ ልምጣ። ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን ብርዳማ አምባ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን፥ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን የወረደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ቡና አገር ይገባል። የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ሮቤና ጎባ ባሉበት ዓይነት ከፍ ያለ ብርዳማ ደጋ አይመቻትም፤ ለብ ያለና ረጋ ያለ ውሃ ትወዳለች። ስለዚህ ከደጋ ተነሥቶ ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ከውሃ ጋራ ያለውን ልማድ ማሻሻል ይገባዋል፤ በደጋ ያልጎዳው ወንዝ ገብቶ መታጠብ በቆላ ሊጎዳው ይችላልና። ውሃው ቀንድ አውጣ በሌለበት በርሜል ሁለት ቀን ቢቆይ የቢልሃርዚያ እጮች በራሳቸው ይሞታሉ። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡት ጀርሞች ግን በመቆየት ብቻ አይጠፉም።

በትንሽ ከተማ ቧንቧ ሲገባ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ቧንቧ ሴቶችንና ልጆችን ከወንዝ ያርቃል፤ ከሦስቱ ቀለበቶችም አንዱን ይቆርጣል። ነገር ግን ከቧንቧ የወጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ መዘናጋት ጥፋት ነው። ውሃው በተቋረጠ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ በመሬት ውስጥ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ በዙሪያው ያለው ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ከተቋረጠ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ለመጠጥ አለመቅዳት፥ ለወለል ማጠቢያ ማዋል ብልኅነት ነው። ወደ ውሃው የሚጨመረው ክሎሪንም ቧንቧው በረዘመና ውሃው በቆየ መጠን ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል።

ከዚያ የሚቀጥለው አደጋ በቤታችን ውስጥ ነው። በእኛ ቤት እንደ ብዙው ቤት ውሃ የሚቀመጠው በቢጫ ጀሪካን ነው። የጀሪካን አፉ ጠባብ መሆኑ እጅ ስለማያስገባ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ያው ጠባብነቱ ውስጡን ለማጠብ ያስቸግራል። በውስጡ የሚያድገው አረንጓዴና የሚያሟልጭ ነገር የጀርም መደበቂያ ነው። ጥቂት ንጹሕ ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ አጥብቆ ማወዛወዝና ማለቅለቅ ያጠራዋል። የዘይት ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት መያዣ የነበረ ጀሪካን ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። ከባልዲ በኩባያ የሚጠልቅ ቤተ ሰብ ደግሞ ከኩባያው ጋራ የሁሉንም ጣት ይጠጣል፤ መቅጃው እጀታ ያለውና ለብቻው የሚሰቀል መሆን ይገባዋል። መጸዳጃ ቤቱም ከጉድጓድ ውሃ በላይ ባለው ዳገት ላይ የተቆፈረ እንደ ሆነ ሁለቱ በመሬት ውስጥ መገናኘታቸው አይቀርም።

ማፍላትም የራሱ ደንብ አለው። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው፥ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ውሃው ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ማቆየት ይገባዋል፤ በዝቅተኛ ቦታ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እንጨት ለሚያንሰው ቤት ደግሞ በየፋርማሲውና በየጤና ጣቢያው የሚገኘው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን አለ፤ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። የደፈረሰ ውሃ ግን በመጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራ፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋልና።

ስለ እንዶድም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እንዶድ ለልብስና ለቀንድ አውጣ እንጂ ለሆድ አይደለም። ለኮሶ ማስወጫ ወይም ለሌላ ነገር ብለው የሚጠጡት ሰዎች ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ይጥላሉ። ዓሣም ይገድላል። ሳይለኩ ወደ ወንዝ መድፋት የዶክተር አክሊሉን ሥራ መከተል አይደለም፤ እርሳቸው በሚሊግራም እየለኩ፥ ለዓመታት እየመዘገቡ ነበር የሠሩት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት እኔ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት የማስተዋል ነው። በዚያ ወንዝ ዳር የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ከዶክተር አክሊሉ በፊት ያየ ብዙ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እርሳቸው ግን ከላይ ያለውን ከታች ካለው ጋራ አነጻጸሩ፤ ምክንያቱን ጠየቁ፤ የጠየቁትም በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እጇ በአረፋ የተነከረችውን ሴት ጭምር ነው። ዲግሪያቸው ከእርሷ ለመማር አላሳፈራቸውም። ከዚያም በኋላ ያዩትን እውነት ዓለም ሲጠራጠረው ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይቆጡና ሳይተዉ በማስረጃ ተከራከሩ።

እኛም ትልቅ ላቦራቶሪ የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም። ደብተርና እርሳስ አለን። በሰፈራችን የትኛው ቦኖ ከዝናብ በኋላ እንደሚደፈርስ፥ ቧንቧው በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚመጣ፥ በየትኛው ወር ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ እንደሚታመሙ መመዝገብ እንችላለን። እንዲህ ያለው መዝገብ በሚገባ ተይዞ ለጤና ጣቢያውና ለውሃ ባለሙያዎች ቢቀርብ፥ የትኛው ቧንቧ ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ሊያመለክት ይችላል። የሳይንስ ክበባችንም በሚመጣው ዓመት ሥራውን ከዚህ እንዲጀምር አሳስባለሁ። ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣ ከመልቀም ጀመሩ፤ እኛም የጀሪካናችንን ውስጥ ከማየት እንጀምር።